ከቡድሂስት ሴት ጋር አንድ ክፍል ስኖር ያየሁትን ልንገራችሁ

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ደወለችልኝ። ከሄደች ሶስት ወሯ ነው፣ አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት፣ ሁለቱ የኛ ልጆች፣ አንዷ ፊሊፒኖ፣ አንዷ ደሞ የስሪላንካ ሴት። "እትዬ ይቺ ሴትዮ እኮ ጣኦት ታመልካለች፣ ከአልጋዬ ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ትቀዳለታለች፣ አንድ ቀን ሳትኖር አውጥቼ ብጥለውስ?" አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም እኔ በጊዜዬ ያንኑ አድርጌዋለሁ። ስልክ ላይ አንድ ሰአት ሙሉ ለፈለፍኩባትና ከዘጋሁት በኋላ፣ ይሄን ነገር ሌሎችም ሴቶች ይፈልጉት ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ሰባኪ አይደለሁም፣ ሀይማኖቴንም አልቀየርኩም፣ እሱን ከወዲሁ እወቁልኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ እማዬ የመንዝ ሰው ናት። በ2000 ዓ.ም ቤሩት ሄጄ ስድስት አመት ቆይቻለሁ። የገባሁበት ቤት ማዳም፣ ሚስተር፣ ሶስት ልጆችና የሚስተር አሮጊት እናት ነበሩበት። እኔ ጽዳትና አሮጊቷን መጠበቅ፣ ምግቡን ደሞ የምትሰራው አንዲት ስሪላንካዊት ነበረች፣ ስገባ እዛው ቤት ስምንት አመት ሆኗታል። ከኩሽናው ጀርባ ባለች መስኮቷ ግድግዳ በሚያይ ክፍል ውስጥ ሁለታችን መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን ነው የምንተኛው። ስሟን አልጠራም፣ እኔም በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ "አካ" ነበር የምላት። በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እንደኛ እትዬ። እሷ እኔን "ናንጊ" ትለኛለች፣ ታናሽ እህቴ። የምንግባባው በተሰባበረ አረብኛ ነበር። እዛ አገር ደሞ "ሲሪላንኪያ" ማለት ሰራተኛ ማለት ሆኗል፣ ከየትም ነይ፣ እኔ ሱቅ ስላክ ባለሱቁ "የማን ሲሪላንኪያ ነሽ?" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ "ኢትዮጵያዊት ነኝ!" እያልኩ እጣላ ነበር፣ አካ ትስቃለች፣ "እኔ አገሬ ስም ሆኖ ቀረ፣ አንቺ ምን ጎደለብሽ" ትለኛለች።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያጠፋሁት። አካ መደርደሪያ ላይ የቡድሃ ስእል፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ከበረንዳ የምትቀነጥሳት አንዲት አበባ ታስቀምጥ ነበር። እኔ ሌሊት ሌሊት ስእሉን እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰይጣን ነው የሚያየኝ ብዬ። አንድ ቀን እሷ ኩሽና እያለች ስእሉንም አበባውንም የቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ገብታ አየች። ላስቲኩን ፈታች፣ አወጣችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ቦታው መለሰችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በነጋታው ሚስማርና መዶሻ ይዛ መጣች፣ ትራሴ ስር ደብቄ የማስቀምጣትን የእመቤታችንን ስእል አይታ ኖሯል፣ በኔ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሚስማሩን መታችልኝ። "ያንቺን እዚህ" አለችኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ሀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት የምታደርገውን ስለማመድ በደንብ ማየት ጀመርኩ። አስር ሰአት ተኩል ላይ ትነሳለች፣ ፊቷን ታጠባለች፣ የትናንቱን ውሃ ደፍታ አዲስ ትቀዳለች፣ አበባዋን ታስቀምጣለች፣ ተንበርክካ በፓሊ ቋንቋ ጸሎቷን ትላለች። ፓሊ ለነሱ እንደኛ ግእዝ ነው፣ ሁሉም ይለዋል እንጂ ሁሉም አይፈታውም። በቡድሃ፣ በትምህርቱ፣ በመነኮሳቱ ማህበር እጠለላለሁ ትላለች ሶስት ሶስት ጊዜ። ከዛ አምስቱን ትእዛዝ፣ ነፍስ አለማጥፋት፣ አለመስረቅ፣ ከዝሙት መራቅ፣ አለመዋሸት፣ የሚያሰክር አለመጠጣት። ስለ አበባው የምትለውን ስትተረጉምልኝ ደሞ ልቤን ነካኝ፣ ይህች አበባ እንደምትጠወልግ የኔም ገላ እንዲሁ ይጠፋል ነው የሚለው። የሚያረጀውን ነገር ለማየት ነው እንጂ ቡድሃ አበባውን ይበላል ብላ አይደለም። በዛ ላይ ቡድሃን እንደ ፈጣሪ አይደለም የምታየው፣ መንገዱን ያሳየ ሰው ነው ነው የምትለው። እኔ ደሞ ጣኦት ይሰማኛል ብላ የምታወራ ነበር የመሰለኝ። ሁሉም በሷ አይነት ነው የሚረዳው ወይ ብትሉኝ አይመስለኝም፣ አክስቷ ስእለት ስታደርግ ቡድሃን ሳይሆን የአካባቢያቸውን አማልክት ነው የምትለምነው ብላኛለች።

ጠቅላላው አስር ደቂቃ አይፈጅም። ከዛ ተነስታ የሚስተርን ቡና ታፈላለች። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ አልጸለይኩም ነበር! ውዳሴ ማርያሜን ይዤ ሄጃለሁ፣ ግን ነጠላ የለኝ፣ ጧፍ የለኝ፣ ፀጥ ያለ ቦታ የለኝ፣ እሁድ አልወጣ፣ ቤተክርስቲያን የት እንዳለ አላውቅ፣ ሲመቸኝ እጸልያለሁ እያልኩ እጠብቃለሁ። ለሰራተኛ ደሞ የሚመች ሰአት የሚባል የለም፣ አምስት ሰአት ሌሊት ስተኛ እንደ ግንድ ነው። አካ ግን ጸሎቷን ከስራ ጋር አስራዋለች፣ ከፊት መታጠቡ በኋላ ከቡናው በፊት፣ በቃ ቦታው አይንቀሳቀስም። ቅዳሜ ሆነ፣ እንግዳ መጣ፣ ታመመች፣ ውሃው ይቀዳል።

እኔም ውዳሴ ማርያምን ከካውያ ጋር አሰርኩት። ውዳሴ ማርያም የሰኞ የማክሰኞ እያለ በቀን ተከፋፍሎ አይደል ያለው፣ የእለቱን ገጽ ከካውያ ጠረጴዛው ላይ ከሸሚዝ ስር አድርጌ እየተኮስኩ ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚስተርን ሁለት ሸሚዝ አቃጥያለሁ፣ አልዋሽም። በአመቱ የሰኞውንና የሀሙሱን በቃሌ ያዝኩት። አሁን ደብረ ብርሃን በብርዱ ቁጭ ብዬ እንኳ ካውያ ስይዝ ምላሴ ራሱ ይጀምራል።

ሌላው የገረመኝ ክሩ ነው። እሷ እጇ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ታስራለች፣ አገሯ መነኮሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነቡ ሁሉም ያንን ክር ይዞ ይቀመጣል፣ ሲያልቅ ይቆረጥና ለየሰዉ ይታሰርለታል፣ ለጤና ለጥበቃ ነው። እኔ አንገቴ ላይ ማተብ። ማዳም ሁለታችንንም አይታ ይሄ ቆሻሻ ክር ይውጣ አለች። አካ ወደ ክንዷ ገፍታ እጅጌዋ ስር ደበቀችው፣ እኔ ማተቤን አስረዝሜ ልብሴ ውስጥ ከተትኩት፣ ኩሽና ስንገናኝ ተያይተን ሳቅን። ከዛ ቀን በኋላ ነው በደንብ እህት የሆንነው።

ጾሙ ደሞ የተገላቢጦሽ። እነሱ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቀን፣ ፖያ ይሉታል፣ አገራቸው በየወሩ የህዝብ በአል ነው ስራ ይዘጋል፣ ነጭ ለብሰው ቤተመቅደስ ሄደው ስምንት ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ነጭ መልበሱን ስሰማ በቃ የኛ ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው ቅዳሴ ሲሄዱ ነው የታየኝ። እና በዛ ቀን ከስድስት ሰአት በኋላ አይበሉም። እኛ እስከ ዘጠኝ ጾመን እንበላለን፣ እነሱ ጠዋት በልተው ከቀትር ጀምሮ ይጾማሉ። "እናንተ ጋ ጾሙ ማታ ነው የሚጀምረው ማለት ነው" ብያት ስትስቅ ነበር። ከስምንቱ አንዱ ደሞ ከፍ ያለ የተመቸ አልጋ ላይ አለመተኛት ነው፣ እሱን እንኳ ማዳም በየቀኑ ታስጠብቀናለች፣ አልጋ መቼ ነበረንና።

እረፍት ቀን ስላልነበረን ተለዋወጥን። ጨረቃዋ የሞላች ቀን የማታውን እቃ እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትቀመጣለች። በወሩ 21 ማርያም ቀን ደሞ አሮጊቷን እሷ ታስተኛለች፣ እኔ እጸልያለሁ። የቀን መቁጠሪያ አልነበራትም፣ በረንዳ ወጥታ ጨረቃ እያየች ነው የምታውቀው። እኔ ደሞ የኛን ቀን እቆጥርላታለሁ። ይሄን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ሀይማኖት ያላችሁ ካላችሁ በአላችሁን ተነጋገሩ፣ ስራ ተቀያየሩ፣ ከክርክር ይልቅ እሱ ነው የሚያስማማው።

አካ ልጅ እያለች መመንኮስ ትፈልግ ነበር። የአባቷ እህት ጸጉሯን ተላጭታ ቢጫ ለብሳ አስር ትእዛዝ እየጠበቀች የምትኖር ሴት ናት፣ "ማኒዮ" ይሏቸዋል፣ እናት እንደማለት፣ የኛ እማሆይ በሉት። ግን ሙሉ መነኩሲት ተብላ አትቆጠርም። ሰው ለሙታኑ ምግብ ሲያበላ ወንዶቹን መነኮሳት ነው የሚጠራው፣ ማኒዮዋን የሚጠራት ብዙ የለም፣ ምግቡን ግን ከሌሊት ጀምሮ የሚሰሩት ሴቶቹ ናቸው። አካ ይሄን ስትነግረኝ እኔ የታየኝ የሰንበቴው ዳቦ ነው። እማዬ ከአርብ ጀምራ ጌሾ ወቅጣ ጠላ ጠምቃ ዳቦ ደፍታ ተሸክማ ትሄዳለች፣ ከዛ ኋላ ትቀመጣለች። ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ የታየኝን ነው የምናገረው።

ከተመለስኩ በኋላ ስልክ ላይ ስለነሱ ማንበብ ጀመርኩ፣ ነገሩ ውስጤ ቀርቶ ነበርና። የመጀመሪያዋ መነኩሲት የቡድሃ አሳዳጊ አክስቱ ናት ይላሉ፣ ማሃፓጃፓቲ ጎታሚ ትባላለች፣ እናቱ በወለደችው በሰባተኛው ቀን ስትሞት እሷ ናት ጡቷን ያጠባችው። ልመንኩስ ብላ ሶስቴ ጠየቀችው፣ ሶስቴም እምቢ አላት። እሷም ጸጉሯን ቆርጣ ሌሎች ሴቶች አስከትላ በባዶ እግሯ ተከተለችው፣ እግሯ አብጦ አቧራ ለብሳ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ነው አናንዳ የሚባለው ደቀመዝሙሩ ያገኛት። እሱ አማላጅ ሆኖ ገባና ሴት እስከ መጨረሻው መገለጥ መድረስ ትችላለች ወይስ አትችልም ብሎ ጠየቀው፣ ትችላለች አለ፣ ተፈቀደ። ግን ስምንት ህግ ተጨመረባቸው፣ አንዱ መቶ አመት የመነኮሰች ሴት ዛሬ ለመነኮሰ ወንድ ትስገድ የሚል ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ጻድቃኔ ማርያም በባዶ እግራቸው የሚሄዱ እናቶች ነው የታዩኝ፣ እግራቸው እንዲሁ አብጦ።

ወደ ስሪላንካ የሴቶቹን ምንኩስና የወሰደችው የህንዱ ንጉስ የአሾካ ልጅ ሳንጋሚታ ናት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቡድሃ ስሩ ተቀምጦ እውነቱ ከበራለት ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ በመርከብ። ዛፉ አኑራዳፑራ ላይ እስካሁን አለ፣ አካ ልጅ እያለች ከእናቷ ጋር ሄዳ ውሃ አጠጥታዋለች። የሴቶቹ ገዳም ግን በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በጦርነት ጠፋ። ወንዶቹ ከበርማ መነኮሳት አስመጥተው መልሰው ጀመሩ፣ የሴቶቹ ግን ችግሩ ሴት ለመመንኮስ ሴቶች መነኮሳትም ወንዶችም መገኘት አለባቸው፣ ሴቶቹ ካለቁ ማን ያመንኩሳት? ዘጠኝ መቶ አመት ገደማ በዚሁ ቆመ። የሚገርመው በ5ኛው ክፍለ ዘመን የስሪላንካ ሴቶች በመርከብ ቻይና ሄደው የቻይናን ሴቶች አመንኩሰው ነበር፣ ያ መስመር በቻይና፣ በኮሪያ፣ በታይዋን ሳይቋረጥ ኖረ። እና እ.ኤ.አ. በ1996 ህንድ ሳርናት ላይ 10 የስሪላንካ ሴቶች በኮሪያ መነኮሳት እጅ መነኮሱ፣ በ1998 ደሞ ቡድጋያ ላይ በታይዋኖቹ አማካኝነት፣ በዛው አመት እዛው አገራቸው ዳምቡላ ተጀመረ። መንዝ በረዶ ገብስ ሲመታ አምና ዘር ያበደርከው ጎረቤት ዘንድ ሄደህ ያንኑ የራስህን ዘር ትበደራለህ፣ እንደዛ ነው የሆነው። እስካሁን ግን የማይቀበሏቸው ትልልቅ መነኮሳት ብዙ ናቸው። አካ የአክስቷ ጓደኛ ሙሉ መነኩሲት ሆነች ብላ በስልክ ስትሰማ ኩሽና ውስጥ ድስቱን ረስታ ሩዙ አረረ፣ ያን ጊዜ ለምን እንደዛ እንደተደሰተች አልገባኝም ነበር።

በሶስተኛው አመት አባቴ ሞተ። የነገሩኝ ከተቀበረ ከአስራ አንድ ቀን በኋላ ነው፣ ፓስፖርቴ ማዳም እጅ ነው፣ መሄድ የለም። አርባው ሲደርስ እማዬ ብቻዋን ተዝካር ልታወጣ ነው፣ እኔ ብር ከመላክ በቀር ምንም። በዛው ሰሞን የአካ እናት ከሞቱ ሶስት ወር ሞላቸው። እነሱም እንደኛ ናቸው፣ በሰባተኛው ቀን፣ በሶስት ወር፣ በአመት ያበላሉ፣ ለመነኮሳት። ቤሩት መነኩሴ ከየት ይምጣ? አካ ሚስተርን ለምና፣ ሌሊት ተነስታ ሩዝና ምስር ሰራች፣ እኔም በጎን ሽሮዬን ሰራሁ። የበሉት የህንፃው ናጡር (ዘበኛው)፣ ሁለት መንገድ ጠራጊዎችና ከላይኛው ፎቅ ያለች የጎጃም ልጅ ናቸው፣ ከስድስት ሰአት በፊት መሆን አለበት ስላለች በጥድፊያ። ሲጨርሱ አካ ሰሃን ላይ ስኒ አስቀምጣ ከጆግ ውሃ ቀስ እያለች ትቀዳ ጀመር፣ ሞላ፣ አልቆመችም፣ ፈሰሰ ሰሃኑ ላይ። የተደረገው መልካም ነገር ሞልቶ ለሙታን እንዲደርስ ነው። ለእናቷ አለች፣ ቀጥላ የአባቴን ስም ጠራች። በትክክል እንኳ መጥራት አልቻለችም። እኔ ጆጉን አልያዝኩም፣ ቆሜ ሳለቅስ ነበር፣ አርባ ቀን ያላለቀስኩትን።

አገሬ ስገባ ለንስሃ አባቴ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። "አብረሽ ሰግደሻል?" "አይ አባ።" "እጣን አጥነሻል?" "አይ።" "በልተሻል?" "አዎ።" "ለምን?" "ርቦኝ።" ሳቁ። ለስእሉ የሚቀመጠውን ምግብ አካ ራሷ ለኔ አትሰጠኝም ነበር፣ ቀድማ ለይታ ነው የምታነሳው፣ እሱንም ነገርኳቸው። ሌላውን በኔና በሳቸው መካከል ይቅር። ለምትሄዱት የምለው፣ ድንበራችሁን ቀድማችሁ እወቁ፣ የማታደርጉትን በትህትና ተናገሩ፣ አካ "አትስገጂ" ብዬ ብከለክላት ትቀየም ነበር እንጂ "እኔ አልሰግድም" ስላት አልተቀየመችም። የሰው ስእል፣ ውሃ፣ አበባ አትንኩ፣ ስታጸዱም ጠይቁ፣ እግራችሁን ወደሱ ዘርግታችሁ አትተኙ፣ ለነሱ ትልቅ ነውር ነው።

አንድ ነገር ደሞ ልጨምር። ማታ ማታ ቁጭ ብላ የምታደርገው ነበር፣ ሜታ ይሉታል፣ በጎ መመኘት። መጀመሪያ ለራስሽ፣ ሰላም ልሁን ጤና ልሁን ትያለሽ፣ ከዛ ለምትወጂው ሰው፣ ከዛ ለማታውቂው፣ መጨረሻ ለበደለሽ። እናት አንድ ልጇን በነፍሷ እንደምትጠብቅ ለፍጥረት ሁሉ እንዲሁ አስቢ የሚል ንባብ አላቸው። እኔ የኛው "ጠላቶቻችሁን ውደዱ" ነው ብዬ ሞከርኩት፣ ናጡሩ ድረስ ጥሩ እሄዳለሁ፣ ማዳም ጋ ስደርስ ጥርሴ ይገጥማል። እና በአራተኛው አመት አምስት ወር ደሞዝ ሲይዙብኝ በቃ ልቻል፣ አካም የምትለው ይሄንኑ አይደል ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ናት የተቆጣችኝ። በጎ ተመኚላት አልኩሽ እንጂ ደሞዝሽን ተዪላት አልኩሽ እንዴ ብላ እጄን ይዛ ሚስተር ፊት አቆመችኝ፣ የሶስቱን ወር ያን ቀን ከፈለ፣ የቀረውን በሁለት ወር። ውስጥን ማረጋጋት ጥሩ ነው ሲሏችሁ ይቺን አትርሱ፣ እዛ ያሉ ልጆች ስንቱን በጸሎት ስም ውጠው ይቀመጣሉ።

አካ አሁን አገሯ ገብታለች፣ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፣ በየፖያው ነጭ ለብሳ ፎቶ ትልክልኛለች። አረብኛዋ እየጠፋ ነው፣ የኔም፣ እና በድምፅ እንላላካለን፣ "ናንጊ" ብላ ትጀምርና ግማሹ አይገባኝም።

የአክስቴ ልጅ ደሞ አርብ እለት መልሳ ደወለች። ስእሉን አልጣለችውም። "እትዬ፣ ዛሬ ጨረቃዋ ሙሉ ናት መሰለኝ ሴትዮዋ ከምሳ በኋላ አልበላም ብላ የሰራችውን ምስር ለኔ ተወችልኝ፣ ግን አርብ ነው፣ ወተት አለበት።" "የምን ወተት?" "የኮኮናት።" የዛፍ ወተት ነው እሱ፣ ብይው ሳይቀዘቅዝ አልኳት።